የጋሽ አድማሱ ረቡዕና ዓርብ

ወሬው የደረሰኝ ጅግጅጋ፣ ከግቢያችን በር ላይ ቆሜ የውሃ ቦቴ ስጠብቅ ነው። ቦቴው ሦስት ቀን ቀርቶ ስለነበር የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቢጫ ጀሪካኑን ደርድሮ ወጥቷል። ስልኬ ሲንቀጠቀጥ ሹፌሩ መስሎኝ ቶሎ አወጣሁት። የትዕግሥት የድምፅ መልእክት ነበር። ትዕግሥት ቦንጋ በነበርሁበት ጤና ጣቢያ በመድኃኒት ክፍል የምትሠራ ባልደረባዬ ናት፤ የምትልክልኝ አብዛኛውን ጊዜ የልጆቿን ሣቅ ወይም የበዓል ምኞት ነው። ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

«ሲስተር፣ እንደምን አለሽ? ጋሽ አድማሱ ዐረፈ። ታሞ ነበር፣ ብዙም አልቆየም። ቅዳሜ ቀበርነው። በወቅቱ ልነግርሽ ብል ኔትወርኩ እንቢ አለኝ» ትላለች። ከድምፅዋ ኋላ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይሰማል።

ነፍስ ይማር ብዬ አማተብሁ። ቦቴው መጣ፤ ጀሪካኖቼን ጎረቤቴ ሞላችልኝ። እኔ ለትዕግሥት ደወልሁ። ከሞት በኋላ ሰው የሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ ምን አመመው፣ ልጆቹ ደረሱ ወይ፣ ባለቤቱ እንዴት ሆነች። ከእኔ አፍ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ምሕረቱ መጥቶ ነበር?» አልኋት።

«የቱ ምሕረቱ?»

«ኳስ ተጫዋቹ።»

«እ… ያ ልጅ! እኔንጃ፣ ሲስተር። ሰው ብዙ ነበር። አላየሁትም።»

ይኸው ከዚያ ቀን ወዲህ ልቤ አልተቀመጠም። መርፌ ስወጋ፣ ወጥ ሳማስል፣ ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ሳይቀር፣ አንድ ጥያቄ ይመጣና አጠገቤ ይቆማል። ለመጻፍ ያስቀመጠኝ እሱ ነው። ግን ጋሽ አድማሱን የማያውቅ ሰው ጥያቄዬ አይገባውምና አስቀድሜ ስለ እሱ ልናገር።

ጋሽ አድማሱ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበር። ጋሽ እንበለው እንጂ አንተ ነው የምንለው፤ እሱው ራሱ ነው እንዲህ ያስለመደን። ረጅም፣ ከሲታ፣ ቢሞቅም ቢበርድም ጃኬቱን የማያወልቅ ሰው። በመስኮቱ በኩል የበሽተኛ ስም ሲጠራ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። አዲስ የመጡ ሐኪሞች ይደነግጡና ትንሽ ቀስ እንዲል ይለምኑታል። እሱም ከዋጫ ሌሊት ተነሥቶ የመጣ ሰው እዚያ ማዶ ባጃጅ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል፣ በሹክሹክታ ልጥራው ወይ ብሎ ይመልስላቸዋል። የካርድ ቁጥር ጠይቆ አያውቅም። ሰውየው ገና በበሩ ሲገባ ፊቱን አይቶ ወደ መደርደሪያው ይዞራል፤ አባቱን፣ ቀበሌውን፣ ባለፈው ምን አሞት እንደመጣ ሳይቀር ያውቃል። ካርዴ ጠፋ የሚለው ሰው ካለ ግን ይቆጣል። «ካርድ አይጠፋም፤ ያለ ቦታው ይገባል እንጂ» ይላል። ይህን ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም።

ከካርዱ ቀጥሎ የሚያውቀው ኳስ ነው። ወይም ከኳስ ቀጥሎ ካርድ።

እኔ ኳስ አላውቅም። በልጅነቴም ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ነበርሁ። ኳስን ያወቅሁት በጋሽ አድማሱ አፍ ነው። በጨዋታው ማግስት ጠዋት፣ በሽተኛ ሳይበዛ፣ ወደ ቁስል ማሸጊያ ክፍሌ ይመጣና የአልኮሉን ጠርሙስ በረኛ፣ የጥጥ ዕቃዎቹን ተከላካይ፣ መቀሶቹን አጥቂ አድርጎ ጠረጴዛዬ ላይ ይደረድራቸዋል። ንጹሕ ዕቃ እንዳይነካ ስለምቆጣው ኋላ ኋላ የራሱን ባዶ ብልቃጦች በኪሱ ይዞ መምጣት ጀመረ። መካከል ላይ ሁልጊዜ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ያቆማል። እሷ ምሕረቱ ናት።

ምሕረቱ የከተማችን ቡድን ጨዋታ አቀጣጣይ ነበር። ሁሉም ኳስ በእሱ እግር ያልፋል፤ እሱ ሲሠራ ቡድኑ ይሠራል፣ እሱ ሲተኛ ቡድኑ ይተኛል። ዕድሜው ገና ዐሥራ ዘጠኝ ነው። ጋሽ አድማሱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ፣ የክትባት ካርዱን በእጁ ጽፎ፣ ያውቀዋል። ያ ልጅ አንድ እሁድ ሲጫወት ያየ ሰው፣ ይላል፣ ሌላ ነገር ማየት አያምረውም። በዚያው ሳምንት ረቡዕ ግን ያው ልጅ ባዶ ሜዳ ላይ ኳስ ረግጦ ይወድቃል፤ ለራሱ ሰው መስጠት ያቅተዋል፤ ይሮጥና መሐል መንገድ ላይ፣ የረሳው ዕቃ ያለ ይመስል፣ ይቆማል።

ይህ ነገር ጋሽ አድማሱን አሳመመው። አላጋነንሁም፤ የደም ግፊቱን የምለካው እኔ ነበርሁ። ልጁ ኳስ ሲይዝ ማየት ስለማይችል ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ይቆምና አጠገቡ ያለውን ሰው፣ አቀበለ ወይ፣ ለማን አቀበለ፣ ደረሰ ወይ እያለ ይጠይቃል። ልጁ በደንብ ከተጫወተ «አንተ ሌባ! አንተ ቀማኛ!» እያለ ይጮኻል፤ ፍቅሩ ነው። ሲናደድ ግን አክብሮት ያበዛል። አንድ ረቡዕ ዕለት ከሜዳው ጠርዝ ሆኖ፣ «አቶ ምሕረቱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዛሬ የቢሮ ሥራ በዝቶብዎት ነው?» ብሎት ሰው በሣቅ ወድቋል አሉ። ልጁም አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

ጋሽ አድማሱና ወንድሞቹ ማንኪራ በሚባል መንደር የሚለቅሙት የጫካ ቡና ነበራቸው። «ይሄ ልጅ ልክ የኛ ቡና ነው፣ ሲስተር» ይለኝ ነበር። «አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩም አረንጓዴውም አብሮ አለ። አራቴ ነው የምትመለሽበት። ቸኩለሽ ከሸመጠጥሽው ሁሉንም ታበላሺዋለሽ።» እንዲህ እያለ ራሱን ያጽናናል፤ ቆየት ብሎ ደግሞ፣ እስኪበስል እኔ ልሞት ነው ብሎ ይነሣል።

ምክንያቱን ለማግኘት ያልቆፈረው ጉድጓድ የለም። መጀመሪያ ጫማ ነው አለ፤ ጅማ ለሚሄድ ሹፌር ነግሮ ደኅና ታኬታ አስመጣለት። በታኬታው እሁድ ሁለት ጎል አስገባ፣ ረቡዕ በዚያው ታኬታ ተደናቅፎ ወደቀ። ቀጥሎ ሴት ናት አለ፤ ሰው ልኮ አስጠየቀ፣ ሴት የለችም። ከዚያ የፈረንጅ ጨዋታ በቴሌቪዥን እያየ ያልበሰለ ነገር ይኮርጃል አለ። የመጨረሻው ግን ከሁሉም የከፋ ሆነ። ልጁ የሚደክመው ረቡዕና ዓርብ ነው፤ ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ ምሽት አረቄ ቤት ይገባል ብሎ ጠረጠረ።

አሁን የማውቀውን ልናገር። ምሕረቱ ረቡዕና ዓርብ የሚደክመው ስለሚጾም ነው።

እንዴት ይህ ለከተማው ሰው ሁሉ አልታየውም የሚል ይኖራል። ረቡዕና ዓርብ የምንጾመው ብዙ ነን፤ ሽሮአችንን በልተን፣ ውሃችንን ጠጥተን፣ ሥራችንን እንሠራለን። የልጁ እንዲህ አልነበረም። ከዋዜማው ራት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም በአፉ አይዞርም። ውድድሩ ደግሞ ረቡዕ፣ ዓርብና እሁድ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ዝናብ ለመሸሽ ጨዋታው በስምንት ይጀመራል። ጋሽ አድማሱ ፕሮቴስታንት ነው፤ ጾም ሲባል በእሱ ቤት ሥጋና ቅቤ መተው ማለት ነው። አንድ ጊዜ ጾሙ ይሆን እንዴ ያለው ሰው ነበር፤ እሱም ሽሮ የበላ ሰው ኳስ መምታት ሊያቅተው ነው ወይ ብሎ ሥቆ አሳለፈው።

እኔ ያወቅሁት በአንድ ረቡዕ ነው። ጨዋታው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ሁለት ተቀያሪዎች ልጁን በባጃጅ አምጥተው አልጋ ላይ ጣሉልኝና ወደ ሜዳቸው ሮጡ። ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ ዓይኑ ገብቷል፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። የተቅማጥ በሽተኞችን የምናጠጣውን ጨውና ስኳር ያለበት ውሃ በጥብጬ አፉ ላይ አደረግሁለት። እጄን በቀስታ ገፋው።

«ሲስተር፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ።»

«እንግዲያው ትንሽ ቆይ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። እናቱን እትዬ አስካለን አውቃቸዋለሁ፤ ልብ ታመው እግራቸው አብጦ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መሄድ እንኳ ያቃታቸው ሴት ነበሩ፤ መርፌያቸውን ቤታቸው ሄጄ የምወጋው እኔ ነኝ። ልጁ እናቱ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን እስኪሄዱ ድረስ ሊጾም ለኪዳነ ምሕረት ተስሏል። ለማንም ላይናገርም ቃል ገብቷል። «ለታይታ እንዳይሆንብኝ» አለኝ። እኔም እንዳልናገርበት አስማለኝ፤ ማልሁለት። ሃያውን ደቂቃ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ዘጠኝ ሲሞላ አማትቦ በአንድ ትንፋሽ ጠጣው። «በርታ» አልሁት። «እመቤታችን ትስማህ።»

እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። ነርስ ነኝ። ነፍሰ ጡር ስትመጣ፣ የስኳር በሽተኛ ሲመጣ፣ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ ሰዓቱን ያሻሽሉላችኋል፣ ውሃ ይፈቅዱላችኋል እላለሁ። በየሳምንቱ የምናገረው ነው። ለምሕረቱ አላልሁትም። ረስቼ አይደለም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ አለ ብዬ፣ ምስጢሩን ለእኔ ሰጠኝ ብዬ፣ ልቤ ሞቀ። የእሱን ጥም እንደ ራሴ ጽድቅ ይዤው ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ጋሽ አድማሱ ብልቃጦቹን ሳይዝ መጣ። በሩን ገርበብ አደረገና ቆመ። በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ከቢታ ገነት ቡድን ጋር ጨዋታ አለን፤ ያን ጨዋታ ለማየት ደግሞ ከአንድ ትልቅ ክለብ ተጫዋች የሚመለምል ሰው ይመጣል። ሰውየውን ያስመጣው ጋሽ አድማሱ ራሱ ነው። ጅማ ያለ ዘመዱ ያውቀዋል ሲሉት፣ ሁለት ወር ሙሉ በስልክ ሲለምን ከርሟል።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር እንደ ባለሙያ ልጠይቅሽ» አለኝ። «ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ገብቶ፣ ራሱን ይዞ የሚወድቅ ወጣት ምን ሆኖ ነው?»

«ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ጋሽ አድማሱ።»

«አረቄ ሊሆን ይችላል?»

መዋሸት አልፈለግሁም፤ ቃሌን ማፍረስም አልፈለግሁም። ሁለቱንም ላለማድረግ ስጠነቀቅ የተናገርሁት ይህን ነው፤ «በአረቄም እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ግን…»

«በቃ፣ በቃ» አለ። እጁን አነሣ። በዚያው ቅጽበት እጁን ገጀራ የቆረጠው ሰው ደሙን እያንጠባጠበ ገባ፣ ጋሽ አድማሱም ወደ ካርዱ ሮጠ። ያ «ግን» አፌ ውስጥ ቀረ።

ዓርብ ጠዋት እንደገና መጣ። የተቆጣ አይመስልም፤ ሌሊቱን ሲያስታምም ያደረ ሰው ይመስላል። ማታውን የደጋፊ ኮሚቴው ከአሰልጣኙ ጋር ተሰብስቦ ነበር፤ የሆነውን ቁጭ ብሎ ነገረኝ። ተጫዋች መልማዩ ከሩቅ የሚመጣው አንዴ ነው፤ ይህን ልጅ በመጥፎ ቀኑ ካየው ለእሱም አይሆንም፣ ከእሱ በኋላ ላሉት ልጆችም በሩ ይዘጋል፤ ስለዚህ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጥ ብሎ የተናገረው ራሱ ጋሽ አድማሱ ነው። አሰልጣኙ ሲያመነታ፣ ይጠጣል አላቸው። ማን አየው ሲሉት፣ የጤና ባለሙያም ጠይቄ አልካደችም ብሎ መለሰላቸው።

«የጤና ባለሙያ» እኔ ነኝ።

«ለማን ብዬ ነው ያን ሰው ሁለት ወር የለመንኩት?» አለኝ። «ለእሱ ብዬ ነው እኮ፣ ሲስተር። ሌላ ለማን ብዬ? በራሴ አፍ አስቀመጥኩት።»

መናገር ይገባኝ ነበር። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። እኔ ግን መሐላዬን አሰብሁ፣ ስእለቱ በእኔ አፍ ቢፈርስና እናትየው አንድ ነገር ቢሆኑስ ብዬ ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ኮሚቴው ፊት የተነገረውን ቃሌን ማረምም አሳፈረኝ። ስለዚህ በዙሪያው ዞርሁ።

«ጨዋታው ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት። ዝናብ አለ አይደል።»

«ወደ ዘጠኝ ቢገፋስ?»

«ለምን?»

«እንዲያው… ሰው ከሥራ ወጥቶ እንዲያይ።»

ከልቡ ባይሆንም ሣቀ። «ሲስተር ደግሞ ውድድር ማስተዳደር ጀመረች» አለና ወጣ። እኔ በሩን ዘግቼ ጸለይሁ። በፊቴ የቆመውን ሰው አንድ ቃል ሳልነግር ሸኝቼ፣ እግዚአብሔር ነገሩን እንዲያስተካክለው ለመንሁ።

ተረኛ ስለነበርሁ ሜዳ አልሄድሁም። ጩኸቱ ግን ከነነፋሱ እስከ ክፍሌ ይደርሳል፤ የማን ጎል እንደሆነ ከድምፁ ለመለየት መስኮቱ ላይ ቆሜ አንድም ነገር ሳልለይ ቀረሁ። የሆነውን ያወራችልኝ ትዕግሥት ናት፤ ከታችኛው በኩል፣ ከተቀያሪዎቹ ወንበር ጀርባ ቆማ አይታለች። ቢታ ገነቶች አንድ ለባዶ እየመሩ ዕረፍት ወጡ። ዝናቡ ጀመረ፤ ሰው ጃንጥላ ያለው ጃንጥላውን፣ የሌለው የእንሰት ቅጠል ራሱ ላይ አድርጎ ቆመ። ተጫዋች ሊመለምል የመጣውን ሰው ሹፌሩ ጎጀብ ወንዝ ላይ መንገዱ ሳይበላሽ እንለፍ ብሎ ስለጎተጎተው፣ ምሕረቱን ሳያይ በዕረፍት ሰዓት ሄደ። ምሕረቱ ወንበሩ ላይ ሆኖ አሰልጣኙን ሰዓት ይጠይቃል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይጠይቃል። ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ሲል፣ ዘጠኝ ሲሆን፣ ከወንበሩ ስር አንድ ጆግ ውሃ አነሣ። አማትቦ ጠጣው፤ እስከ ሥሩ ጠጣው። አንዲት ሴት ዳቦ ሰጠችው፣ በላ።

ይህን ሲያደርግ ጋሽ አድማሱ ከማዶ ከላይኛው ጎን፣ ከወዳጆቹ መካከል ወጣ። ጨዋታው ገና አልተጀመረምና ሜዳውን በጭቃው መሐል አቋርጦ መጣ፤ ከልጁ ፊት ቆመ፣ ባዶውን ጆግ አየው። አንድም ቃል አልተናገረም። ተመልሶ ወደ ቦታው ሄደ። እዚያ ሲደርስ ግን፣ ትለኛለች ትዕግሥት፣ አጠገቡ ወዳለው ሰው ዞሮ የሆነ ነገር ሲናገር አይቻለሁ፤ አፉ ሲንቀሳቀስ ነው እንጂ ያየሁት፣ ምን እንዳለ አልሰማሁም።

ከዚያ ሕዝቡ ምሕረቱ ይግባ እያለ ጮኸ፣ አሰልጣኙም አስገባው። በገባ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ኳስ ሰጠ፣ ሁለቱም ጎል ሆኑ። ከተማው ዘለለ። ትዕግሥት ወደ ማዶ ስትመለከት ጋሽ አድማሱ አልነበረም። ዳኛው ፊሽካ ሳይነፋ ከሜዳ ወጥቶ የማያውቀው ሰው፣ ምሕረቱ በሚጫወትበት ሰዓት፣ በዝናብ ሄዷል።

ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍሌ አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ብልቃጦቹ የት እንደገቡ አላውቅም። በኮሪደር ስንተላለፍ «ደኅና አደሩ፣ ሲስተር» ይለኝ ጀመር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አንቺ ነበርሁ። እውነቱን መደበቄ ገብቶት ነው? ወይስ በልጁ ጉዳይ ራሱ አፍሮ፣ አክብሮት የበዛው ለዚያ ነው? አልጠየቅሁትም፤ አልጠየቀኝምም። ሥራው ያው ነው፤ ስም ሲጠራ ያው እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ሜዳ መሄድ ግን ተወ። የደም ግፊቱን ሊለካ ሲመጣም እጁን ዘርግቶ ግድግዳውን ያያል።

ምሕረቱ በኅዳር ወደ ሚዛን ከተማ ሄደ። ይጠጣል መባሉን ሰምቷል፤ ያለው ማን እንደሆነም ሰምቷል። እትዬ አስካለ በጥምቀት በእግራቸው፣ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው፣ ታቦት ሸኙ፤ በዓይኔ አየሁ፤ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ልጁ ለበዓሉ መጥቶ ነበርና ለብቻው አግኝቼ አነጋገርሁት። ስእለቱ ደርሷል፣ አሁን ለጋሽ አድማሱ ልንገረው ወይ አልሁት።

«ምን ያደርግለታል፣ ሲስተር? ይጸጸታል እንጂ» አለኝ። ኳስ ትጫወታለህ ወይ ስለው ባጃጅ እነዳለሁ አለ።

ይህም ለእኔ ጥሩ መሸሸጊያ ሆነኝ። ልጁ ካልፈለገ ብዬ ዝም አልሁ። ከዓመት በኋላ ባለቤቴ ወደዚህ ሲዛወር ልሰናበተው ካርድ ክፍል ሄድሁ፤ ቡና ለቀማ ማንኪራ ነው አሉኝ። እመለሳለሁ አልሁ፣ አልተመለስሁም። ከጅግጅጋ አንድ ጊዜ ደወልሁለት። ሙቀቱን ጠየቀኝ፣ ውሃው እንዴት ነው አለኝ፣ አሁንም «እርስዎ» ነኝ። ጋሽ አድማሱ፣ አንድ የምነግርህ ነገር ነበረኝ አልሁት። ከዚያ መንገድ ሊሄድ መሆኑን፣ ሌላ ቀን ብደውል እንደሚሻል ነገረኝ። ሌላ ቀን አልደወልሁም። ለዚህ ምንም ምክንያት የለኝም።

ይህን ሁሉ በአደባባይ ከመጻፌ በፊት የንስሐ አባቴን ጠይቄያለሁ። ስእለቱ ተፈጽሟል፣ ምስጢሩ አሁን የሚጎዳው የለም አሉኝ። ጨምረው ግን፣ በዚያ ጊዜ ለምን አልጠየቅሽኝም አሉ።

እንግዲህ የምለምነው እናንተን ነው፤ በዚያ ዓርብ በላይኛው ጎን ከጋሽ አድማሱ ጋር በዝናብ የቆማችሁትን። ሦስት ወይም አራት እንደነበራችሁ ትዕግሥት ነግራኛለች፤ ስማችሁን አታውቅም። ልጁ ውሃውን ጠጥቶ፣ እሱ ጭቃውን አቋርጦ ወደ እናንተ ሲመለስ አንድ ነገር ተናግሯል። ልጁ ይጾም እንደነበር ገብቶት ነበር ወይ? ገብቶት ከሆነ፣ ጨዋታው ወደ ዘጠኝ ይገፋ ማለቴን አስታውሶ፣ እኔ ማወቄን አውቆ ነው የሞተው፤ ይህን ተሸክሜ እንድጸልይ ልወቀው። አልገባው ከሆነ ደግሞ ያን ልጅ ሰካራም ነው እያለ ነው የሞተው፤ የዚህም ምክንያት የእኔ ቃል ነው፤ እንግዲያው ከኮሚቴው ሰዎች ያላችሁ ሁሉ ልጁ አረቄ በአፉ እንዳልዞረ፣ ያቺ የጤና ባለሙያ ራሷ እንደመሰከረች ለሰሙት ንገሩልኝ።

የሰማ ሰው የጋሽ አድማሱን ቃል እንዳለ ይላክልኝ፤ ለትዕግሥት ቢነግራት ይደርሰኛል። እኔን የሚሰድብ ቢሆንም እንኳ አንድም ቃል አይቀንስልኝ።